ሺህ ፎቶ አንድ ቪዲዮ የሚሆነው እንዴት ነው? ሮው ተከታታይ ምስሎች ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ ሲገቡ

ሮው ቪዲዮ፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀናብረው ጥሬ ዳታው እንዳለ የሚቀመጥ ቀረጻ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ትልልቅ የፊልም ካሜራ የሚከራዩ ሰዎች ጉዳይ ነበር። አሁን እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበያ የቀረበችው ሲግማ ኤፍፒ የተባለች ኪስ የምትገባ ካሜራ ሲኒማዲኤንጂ በተባለው ፎርማት ሮው ትቀርጻለች። በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራው ሞሽንካም መተግበሪያ የስልኩን ሴንሰር ጥሬ ዳታ ቀድቶ ፍሬም በፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮውን የሚሠሩትን ነጠላ ምስሎች አንድ በአንድ፣ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው አይፎን 17 ፕሮ ደግሞ ፕሮሬዝ ሮው ይቀርጻል።

ቀራጩ ሲበዛ ጥያቄውም በዛ። አንዱ ቪዲዮ ቀርጾ ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘው በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ነው። ሌላው ኤዲቲንግ ውስጥ ሲያስገባው ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰዎች መሮጥ ይጀምራሉ። የአንዱ ደመና ሮዝ ይሆናል፤ የሌላው ድምፅ የት እንደገባ አይታወቅም። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ራም ጨምር" ወይም "ሶፍትዌር ቀይር" የሚል ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። አብዛኛው ችግር ግን ከማሽኑ አቅም የሚመጣ አይደለም።

አንድ የቪዲዮ ፋይል በሆዱ ብዙ ነገር ይዞ ይዞራል፦ የፍሬሞቹን ቅደም ተከተል፣ በሰከንድ ስንት እንደሚያልፉ፣ ድምፁን፣ ቀለሙ እንዴት መነበብ እንዳለበት። የፎቶ ፎልደር ግን ይህን ወይ ጨርሶ አይዝም፣ ወይ በከፊል ብቻ ይይዛል። የጎደለውን ሶፍትዌሩ በግምት ይሞላዋል። "ፋይሉ ተበላሽቷል" የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ሲስት የሚታየው ነው።

ጥሬውና ብስሉ

የካሜራ ሴንሰር ቀለም አያይም፤ የሚለካው የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ቀለም የሚገኘው በእያንዳንዷ የመለኪያ ነጥብ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ስለሚደረግ ነው። ዛሬም አብዛኞቹ ካሜራዎች የሚጠቀሙበትን የማጣሪያ አደራደር የፈለሰፈው የኮዳክ ባልደረባ የነበረው ብራይስ ቤየር ሲሆን ፓተንቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ጸደቀ። ከአራት ነጥቦች ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሰማያዊ ናቸው። እያንዳንዷ ነጥብ ከሦስቱ ቀለሞች አንዱን ብቻ ስለምታውቅ የቀሩትን ሁለቱን ከጎረቤቶቿ እያሰሉ መሙላት የግድ ነው። ይህ ሥራ በፈልሳፊው ስም ዲቤየር ይባላል።

በተለመደው አቀራረጽ ይህን ሁሉ ካሜራው ራሱ ይጨርሰዋል። ዲቤየር ያደርጋል፣ ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የቀለሞቹን ሚዛን) ይወስናል፣ ብርሃንና ጥላውን ያመዛዝናል፣ ከዚያ ጨምቆ በኤምፒ4 ወይም በመሰል ፋይል ያስቀምጠዋል። የሚደርሰን ብስሉ ነው። ሮው ሲቀረጽ ጥሬው እንዳለ ይቀመጥና ማብሰሉ ለኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ይተዋል። ሮው "ከሁሉ የላቀ ጥራት" እየተባለ ሲወራ የሚዘለለው ነጥብም ይኸው ነው፤ ሮው ገና ምስል አልሆነም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ተከታታይ ምስል ሁሉ ሮው አይደለም። ከስሪዲ ሶፍትዌር የሚወጣ የኢኤክስአር ወይም የፒኤንጂ ፎልደር ቀለሙ የተሟላ ስለሆነ ዲቤየር አያስፈልገውም። ሮውም ሁሉ ተከታታይ ምስል አይደለም፤ ፕሮሬዝ ሮውና ብላክማጂክ ሮው ጥሬ ዳታን በአንድ የቪዲዮ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣሉ። አስቸጋሪው ሁለቱ የተገናኙበት ነው፦ ዳታውም ጥሬ፣ አቀማመጡም በነጠላ ፎቶ የሆነ።

ለምን በነጠላ ፎቶ?

ነገሩ ኋላ ቀርነት ይመስላል፤ አይደለም። ሴሉሎይድ ፊልም ራሱ የፎቶ ሰልፍ ነበር። ፊልም ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ፋይል መሆኑ የተፈጥሮ መንገድ ነበር፤ ከኮዳክ የፊልም መገልበጫ ሥርዓት ከሲኒዮን የተወለደው የምስል ፎርማት ዲፒኤክስ የመጣው በዚሁ ነው። የልዩ ውጤት ኩባንያው ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ የለቀቀው ኦፕንኢኤክስአርም የስሪዲና የልዩ ውጤት ሥራ የጋራ ቋንቋ እስከመሆን ደርሷል።

ጥቅሙ የሚታየው አደጋ ሲመጣ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ኮምፒውተር 700ኛው ፍሬም ላይ ቢጠፋ ከፊቱ ያሉት 699 ፋይሎች እንዳሉ ይገኛሉ፤ ጠዋት ከ700 መቀጠል ነው። ያው ሥራ በአንድ ኤምፒ4 ፋይል እየተጻፈ ቢሆን ኖሮ የፋይሉ ማውጫ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሙሉው ላይከፈት ይችላል። ቀረጻ ላይም እንዲሁ ነው፤ አንድ ፍሬም ቢበላሽ የሚጠፋው እሱው ብቻ ነው።

አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2004 ዲኤንጂ የተባለውን ክፍት የሮው ፎቶ ፎርማት አወጣ፤ በ2009 ደግሞ ለቪዲዮ የሚሆነውን ሲኒማዲኤንጂን አስከተለ። ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ስለነበር ትናንሽ የካሜራ አምራቾች ወደዱት። የካሜራ አምራቹ ብላክማጂክ እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ሲኒማ ካሜራው በዚሁ ፎርማት ይቀርጽ ነበር። በተከታዩ ዓመት ለካነን ካሜራዎች ተጨማሪ ሶፍትዌር የሚሠሩት የማጂክ ላንተርን በጎ ፈቃደኞች ካነን ፋይቭዲ ማርክ 3 ላይ 14 ቢት ሮው ቪዲዮ እንዲቀረጽ አደረጉ፤ ከዚያ የሚወጣውም ዞሮ ዞሮ ወደ ዲኤንጂ ፎልደር የሚለወጥ ነበር።

ታዲያ ነገሩ ለምን አልገፋም? አንዱ ምክንያት ክብደቱ ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን። ሌላው ሕግ ነው። ሬድ የተባለው የካሜራ ኩባንያ በካሜራ ውስጥ ሮውን ጨምቆ ስለመቅረጽ ጠንካራ ፓተንቶች ነበሩት። አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የፓተንት ቢሮ ሊሞግታቸው ሞክሮ አልተሳካለትም። ብላክማጂክ በ2018 የራሱን ብላክማጂክ ሮው አስተዋወቀ፤ በተከታዩ ዓመትም ሲኒማዲኤንጂን ከፖኬት ሲኒማ ካሜራ 4ኬ ላይ አነሳው። ሬድን ራሱን እ.ኤ.አ. በ2024 ኒኮን ገዝቶታል። የገበያው ጉዞ ወደ አንድ ፋይል ሮው ነው፤ የፎቶ ሰልፉ የቀረው በስልክ መተግበሪያዎች፣ በጥቂት ካሜራዎች፣ በየጊዜው ልዩነት ከሚነሱ ፎቶዎች በሚሠራ ታይምላፕስና በስሪዲ ሥራ ዘንድ ነው። ጥቂት የሚባል ግን አይደለም።

ጊዜ፦ ፎቶ ሰዓት አይቆጥርም

ፎልደሩ የማይመልሰው የመጀመሪያ ጥያቄ "በሰከንድ ስንት?" የሚለው ነው። ሲኒማዲኤንጂ የፍሬም ፍጥነትና ታይምኮድ (የእያንዳንዱ ፍሬም የሰዓት ቁጥር) የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ ካሜራው ከጻፈውና ሶፍትዌሩ ካነበበው ችግር የለም። ተራ ዲኤንጂ፣ ፒኤንጂ ወይም ቲፍ ሲሆን ግን ሶፍትዌሩ የራሱን ቁጥር ያስቀምጣል። የአዶቤው የልዩ ውጤት ሶፍትዌር አፍተር ኢፌክትስ ካልነገሩት ተከታታይ ምስልን በሰከንድ 30 አድርጎ ይወስዳል፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነጻ የቪዲዮ መለወጫ ፕሮግራም ደግሞ 25።

በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ 1,440 ፎቶ ነው። በ30 ሲነበብ 48 ሰከንድ ይሆናል። ሰዎቹ የሚሮጡት ለዚህ ነው፤ ፎቶዎቹ ላይ አንዳች ጉዳት የለም። በ25 ሲነበብ 57.6 ሰከንድ ይሆናል፤ በዓይን ለመለየት ይከብዳል፣ ከድምፅ ጋር ሲገጣጠም ግን ወዲያው ያጋልጣል።

ክፉው ስህተት ትንሹ ነው። ብዙ ካሜራዎች "24" ብለው የሚያሳዩት በእውነት 23.976 ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ የተቀረጸ በ23.976 ፈንታ በ24 ቢነበብ መጨረሻው ላይ ድምፁና ምስሉ በ3.6 ሰከንድ ይለያያሉ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ ግን ልዩነቱ ስለማይታይ ኤዲተሩ "ገጥሟል" ብሎ ያልፋል፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ከንፈርና ንግግር ሲለያይ የድምፅ ባለሙያው ይወቀሳል። በነጠላ ፎቶ ውስጥ ድምፅ የሚቀመጥበት ቦታ ስለሌለ ድምፁ ለብቻው በዌቭ ፋይል ይመጣል፤ ከምስሉ ጋር የሚያስተሳስረው ታይምኮድ ወይም ቀረጻው መጀመሪያ ላይ የተመታው የክላፐር ድምፅ ብቻ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው፤ አፍተር ኢፌክትስ ውስጥ ኢንተርፕሬት ፉቴጅ፣ ፕሪሚየር ፕሮ ውስጥ ሞዲፋይ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ ክሊፕ አትሪቢዩትስ በሚባለው ቦታ ትክክለኛውን ቁጥር መስጠት። ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ክሊፑ ታይምላይን ላይ ከመውረዱ በፊት መሆን አለበት፤ ተቆራርጦ ካለቀ በኋላ ፍጥነቱን መለወጥ የተቆረጠበትን ቦታ ሁሉ ያናጋል።

ሰልፉ ሲቋረጥ

ሶፍትዌሩ ፎቶዎቹ አንድ ቪዲዮ መሆናቸውን የሚያውቀው ከስማቸው ነው። ስሙ ተመሳሳይ፣ ቁጥሩ ተከታታይ መሆን አለበት። ቁጥሩ በዜሮ ያልተሞላ ከሆነ በፊደል ተራ የሚደረድር ፕሮግራም ከ1 ቀጥሎ 10ን፣ ከዚያ 100ን፣ ቆይቶ 2ን ያመጣል፤ 000001 ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ታይምላፕስ የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት ሌላ ወጥመድ አለ፦ የፎቶ ካሜራ ቁጥር 9999 ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል። አንድ ረጅም ቀረጻ መሃል ላይ ይህ ከተከሰተ የጀምበር መጥለቂያው መጨረሻ ከመጀመሪያው በፊት ይመጣል። ፎቶዎቹን በተነሱበት ሰዓት ደርድሮ እንደገና ስም መስጠት ያስፈልጋል።

የጎደለ ፍሬም ደግሞ በቅርብ ሊታይ የሚገባው ነው። ከ000001 እስከ 001440 ባለ ፎልደር ውስጥ 000613 የለም እንበል፤ ካርዱ ለአፍታ ፍጥነት አንሶት ካሜራው ሳይጽፈው አልፏል። ኤፍኤፍኤምፔግ በቁጥር ተከትሎ ሲያነብ 612 ላይ ሲደርስ ቪዲዮው አለቀ ብሎ ያቆማል፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ቀረጻ እንደሌለ ይቆጠራል። አፍተር ኢፌክትስ ፍሬም መጉደሉን አስታውቆ በቦታው ባለ ብዙ ቀለም መሞከሪያ ምስል ይተካል። ሌሎች ፎልደሩን ሁለት ክሊፕ አድርገው ያሳያሉ፤ ኤዲተሩ ሁለቱን ሲያገጣጥማቸው ከዚያ በኋላ ያለው ምስል ሁሉ ከድምፁ በአንድ ፍሬም፣ ማለትም በ42 ሚሊሰከንድ ገደማ ይቀድማል።

አንድ ፋይል ጎደለ፤ ሦስት ፕሮግራም ሦስት የተለያየ ነገር አሳየ። "በእኔ ኮምፒውተር ይሠራል" የሚለው ክርክር ማለቂያ የሚያጣው ስለዚህ ነው። ቀላሉ ዘዴ 612ን ገልብጦ 613 ብሎ መሰየም ነው፤ 24 ውስጥ አንድ ተደጋጋሚ ፍሬም ካሜራው ፈጥኖ ካልዞረ በቀር ብዙ ተመልካች አያየውም። ገልባጩ ግን ያደረገውን ጽፎ ቢያስቀምጥ ይበጃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሶፍትዌሩ ሰልፍ መሆኑን ማወቅ አለበት። ፕሪሚየር ፕሮ ላይ የመጀመሪያውን ፎቶ መርጦ ኢሜጅ ሲኩዌንስ የሚለውን ምልክት ማድረግ ግድ ይላል፤ ካልተደረገ አንድ ፎቶ ብቻ ይገባል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተቃራኒው ራሱ ሰብስቦ አንድ ክሊፕ ያደርገዋል፤ ነጠላ ፎቶዎችን የፈለገ ሰው ግን ግራ ይጋባል፤ የፍሬም አቀራረቡን ከሲኩዌንስ ወደ ኢንዲቪጁዋል መቀየር ይኖርበታል። ፋይናል ከት ፕሮ ሲኒማዲኤንጂን በራሱ ስለማይቀበል መጀመሪያ በሌላ ፕሮግራም መለወጥ ያስፈልጋል።

ሰማዩ ለምን ሮዝ ሆነ?

በሮው ላይ ቀለም መወሰን ማለት ለጥሬው ዳታ ትርጉም መስጠት ማለት ነው። ሶፍትዌሩ የሚነሳው ካሜራው በሜታዳታ ከጻፈለት ነው፤ ጥቁር ከየትኛው ቁጥር እንደሚጀምር፣ ሴንሰሩ የሚሞላበት ጣሪያ ስንት እንደሆነ፣ ዋይት ባላንሱ ምን እንደነበር። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ምስሉ ወይ ጥላው ላይ ሮዝ ይጥላል፣ ወይ ወደ አረንጓዴ ያደላል።

የደመናው ሮዝነት የራሱ ታሪክ አለው። አረንጓዴ ነጥቦች ብዙ ብርሃን ስለሚቀበሉ ብዙውን ጊዜ ቀድመው ጣሪያቸውን የሚነኩት እነሱ ናቸው። ዋይት ባላንስ ሲሰላ ቀይና ሰማያዊ ተባዝተው ከፍ ይላሉ፤ አረንጓዴው ግን ጣሪያው ላይ ስለቆመ አብሯቸው አይሄድም። ቀይና ሰማያዊ በዝቶ አረንጓዴ ሲያንስ የሚገኘው ቀለም ሮዝ ነው። ሶፍትዌሩ ሦስቱንም እኩል ጣሪያ ላይ ቢቆርጣቸው ደመናው ነጭ ይሆናል። ሃይላይት ሪከቨሪ የሚባለው ደግሞ ካልሞሉት ቀለሞች ተነስቶ የጠፋውን ዝርዝር ለመመለስ ይሞክራል፤ አንዳንዴ ያድናል፣ አንዳንዴ ሮዙን ይመልሰዋል።

ምስሉ ጨለም ብሎ መታየቱም ያስደነግጣል። ሴንሰር ብርሃንን የሚለካው በቀጥታ ነው፤ ብርሃኑ ሲያጥፍ ቁጥሩም ያጥፋል። በ12 ቢት ካሉት 4,096 ደረጃዎች ግማሹ፣ 2,048ቱ፣ በጣም ደማቅ ለሆነው አንድ ስቶፕ (ብርሃኑ አንዴ የሚያጥፍበት እርከን) ብቻ ይውላል። ዓይናችን እንዲህ አያይም፤ ስለዚህ ትክክለኛው የጋማ ወይም የሎግ ኩርባ (ቁጥሮቹን ለዓይን በሚስማማ መልክ የሚያከፋፍል ቀመር) እስኪደረግለት ድረስ ምስሉ ጥቁር ጥቁር ይላል። ኩርባውን ሳይመርጡ ብርሃኑን በእጅ መጎተት የተለመደ ስህተት ነው።

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ለዚህ ካሜራ ሮው የተባለ ክፍል አለው፤ እዚያ ዳታው በካሜራው ሜታዳታ፣ በፕሮጀክቱ ወይም በክሊፑ ቅንብር እንዲነበብ ይመረጣል። አፍተር ኢፌክትስ ደግሞ የአዶቤን ካሜራ ሮው መስኮት ይከፍታል፤ የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የተደረገው ለሁሉም ይሠራል። ለታይምላፕስ ይህ ድንበር አለው፦ ብርሃኑ ከቀትር ወደ ምሽት ሲለወጥ ለመጀመሪያው ፎቶ የተመረጠው ቅንብር ለመጨረሻው አይስማማም።

ክብደቱና ክርክሩ

ስለ ኮምፒውተር አቅም የሚነገረው ውሸት አይደለም። 3,840 በ2,160 የሆነ ምስል 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ አለው። ሳይጨመቅ በ12 ቢት አንዱ ፍሬም 12.4 ሜጋባይት ይመዝናል፤ በሰከንድ 24 ሲሆን 299 ሜጋባይት ገደማ፣ በደቂቃ ወደ 18 ጊጋባይት፣ በሰዓት ከአንድ ቴራባይት በላይ። በሰከንድ 100 ሜጋቢት ከሚቀርጽ ተራ ካሜራ ጋር ሲነጻጸር 24 እጥፍ ያህል ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ይህን በትክክለኛ ፍጥነት አያጫውትም፤ ኤስኤስዲ ያስፈልጋል። የፋይሉ ብዛትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፦ አንድ ሰዓት 86,400 ፋይል ነው፤ እያንዳንዱን መክፈትና መዝጋት፣ አንቲቫይረሱም አንድ በአንድ መፈተሹ፣ ቅጂውን ከአንድ ትልቅ ፋይል ይልቅ ያዘገየዋል።

እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። አንደኛው ወገን ዳታው እንዳለ ይኑር፣ ለመቁረጥ ፕሮክሲ የሚባል ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራ፣ በመጨረሻ ወደ ዋናው ይመለስ ይላል። ሁለተኛው ወገን ሮው የቀረጻ እንጂ የኤዲቲንግ ፎርማት አይደለም፤ በመጀመሪያው ቀን ወደ ፕሮሬዝ 4444 ወይም ዲኤንኤክስኤችአር 444 ወደመሰለ የኤዲቲንግ ቪዲዮ ፎርማት ለውጦ መገላገል ይሻላል ይላል። ሁለተኛው ሲለውጥ ዋይት ባላንሱንና የዲቤየሩን ጥራት ቆርጦ ይወስናል፤ ተመልሶ አይስተካከልም። የመጀመሪያው ደግሞ በፕሮክሲና በዋናው መካከል ስምና ታይምኮድ ሊስት ይችላል፤ በተለይ ፕሮክሲው የፍሬም ፍጥነቱ ሳይስተካከል የተሠራ ከሆነ መጨረሻ ላይ አይገጥምም።

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ 10 ቢት ሎግ በአንድ ፋይል የሚቀርጽ ካሜራ እያለ ሮው ምን ያደርጋል የሚል። ንግግር ለሚበዛበት ሥራ ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ቴራባይት መሸከም ትርፉ ጥቂት ነው። ልዩነቱ የሚጎላው ብርሃኑ በማይታዘዝበት፣ ቀለሙ ብዙ በሚጎተትበት ወይም አረንጓዴ መጋረጃ ተነቅሎ ሌላ ምስል በሚገባበት ሥራ ላይ ነው። ሮውን "ሁልጊዜ" ወይም "በጭራሽ" የሚሉ ምክሮች ስለዚህ ብዙም አይጠቅሙም።

ሥራው ሲያልቅ

ኤዲቲንጉ ካለቀ በኋላ ፎልደሩ ምን ይሁን? የስሪዲና የፊልም ቅጂ ሠራተኞች የተሻለ መንገድ አላቸው፦ ሮውኩክድ የተባለው ፕሮግራም የዲፒኤክስ፣ የቲፍና የኢኤክስአር ሰልፍን አንዲት ቢት ሳይጠፋ ወደ አንድ የማትሮስካ ቪዲዮ ፋይል ይጠቀልላል፤ ሲፈለግም መልሶ ወደ ነጠላ ፋይሎቹ ይበትነዋል። በውስጡ የሚጠቀምበት ኤፍኤፍቪ1 ኮዴክ እ.ኤ.አ. በ2021 በኢንተርኔት ደረጃ አውጪው አካል በሰነድ ተመዝግቧል።

ለዲኤንጂ ፎልደር ያለው አማራጭ ቀለል ያለ ነው፤ ሳይጨመቅ በአንድ የታር ፋይል ጠቅልሎ፣ ቅጂው ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን በቼክሰም (ከፋይሉ ይዘት በሚሰላ መለያ ቁጥር) አረጋግጦ ሁለት ቦታ ማስቀመጥ። ከጎኑም ማንኛውም ፕሮግራም የሚከፍተው አንድ የጽሑፍ ፋይል፦ "በሰከንድ 23.976፣ ከ000001 እስከ 001440፣ 000613 የ612 ግልባጭ ነው፣ ድምፁ ለብቻው በዌቭ"።